የእኅቴ ሸክም

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ አባቶቻችን ሲተርቱ ሰምተን አድገናል። ዳሩ ግን ተረቱን የሚያውቁት ብዙዎች ሲሆኑ የሚፈጽሙት ጥቂቶች ናቸው። ይልቁንም በሽታው ሴት በመቀነቷ ሥር የምትሸሽገው፤ ለባሏ የማትነግረው፤ ለእናቷም የማታወሳው የሆነ እንደ ሆነ፤ ተረቱ ከአፍ አልፎ ከልብ አይደርስም። እኔም ከሸሸጉት ሴቶች አንዷ ነበርሁና ይህን የምጽፈው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። በቤተ ሰባችን የሆነውን ነገር እንዳለ ብገልጸው፤ ምናልባት ይህን ገጽ ከምታነብ ከአንዲት እኅት ላይ የብዙ ዓመት ጭንቀት ያነሣ ይሆናል ብዬ ነው። ነገሩ የገላ ነገር ስለ ሆነ እኔ በጨዋነት ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ አንባብያንም በጨዋነት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የተወለድሁት በሰሜን ተራራ በአምባራስ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር አልፎ ወደ ቧሂት የሚወጣው መንገድ በአጠገቡ ያልፋል። አገሩ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ሲሆን ብርዱ ብርቱ ነው፤ ሰውም ገብስ እያረሰ በግ እያረባ ይኖራል። ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ዋልያውንና ጭላዳውን ለማየት በዚያ ሲያልፉ ገደሉንና ሸለቆውን አይተው ያደንቃሉ፤ እውነትም የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ምንጩ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነውና፤ ለእንግዳው የዐይን ደስታ የሆነው ቁልቁለት ለባለ አገሯ ሴት በየቀኑ ወርዳ ተሸክማ የምትወጣው ዳገት ነው። ቀድሞ በእንስራ ነበር፤ ዛሬ በጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻውን 20 ኪሎ ይመዝናል። በዚህ ላይ እንጨቱ፤ ኩበቱ፤ ወደ ወፍጮ የሚሄደው እህልና በጀርባ የሚታዘለው ሕፃን ይጨመራል።

ታላቅ እኅቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔም «እታለም» እያልሁ እጠራታለሁ። እኔ ለትምህርት ወደ ደባርቅ ስወርድ እርሷ ተዳረች፤ እኔ ደብተር ስይዝ እርሷ ውሃ ተሸከመች። አምስት ልጆች ወልዳለች። ሦስተኛውን ስትወልድ ምጡ ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ፈጀባት። ልጁ ወንድ ነበርና እስከ ክርስትናው ድረስ 40 ቀን በአራስ ቤት መቀመጥ ይገባት ነበር፤ እርሷ ግን በ12ኛው ቀን ጀሪካኗን አዝላ ወደ ምንጭ ወረደች። ባሏ አጨዳ ላይ ነበር፤ አማቷ ታማ ተኝታ ነበር፤ እናታችንም በዚያ ጊዜ ሩቅ ነበረች። በዚያ ቤት ክፉ ሰው እንዳልነበረ አንባቢ ይወቅልኝ። ውሃ ግን ያስፈልግ ነበር፤ ውሃ መቅዳትም የሴት ሥራ ነበር፤ በቤቱም ሌላ የቆመች ሴት አልነበረችም። ነገሩ ይኸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአባታችን ተዝካር ወደ አምባራስ ወጣሁ። እኅቴ ሦስት ቀን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅ፤ እንጀራ ስትጋግር፤ እንግዳ ስትቀበል ሰነበተች። እኔም አንድ ነገር ልብ አልሁ፤ በእነዚያ ሦስት ቀኖች ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በርጩማ ላይ ተደላድላ ስትቀመጥ አላየኋትም። ወይ ትቆማለች፤ ወይ ከጓዳ ገብታ ለጥቂት ጊዜ ተጋድማ ትመለሳለች። ሌሊቱን ከእርሷ ጋር በአንድ መደብ ተኝተን ሳለን፤ በጨለማ ተነሥታ ጨርቅ ስታጣጥፍ ሰማኋት።

«እታለም፤ ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«ምንም አልሆንሁ፤ ድካም ነው» አለችኝ።

ጥቂት ዝም ካልን በኋላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማኅፀኔ ይወጣል» አለች። «ስቆምና ስሸከም ይወርዳል፤ ስጋደም ይመለሳል። ከሦስተኛው ልጅ ወዲህ ነው።»

ሦስተኛው ልጅ በዚያ ጊዜ 11 ዓመቱ ነበር።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ፤ እኅት ዓለም? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? የሴት ዕጣ ነው ብዬ ቻልሁት።»

እኔ የተማርሁ ነኝ ባይ፤ በደባርቅ ልጆችን የማስተምር ሴት፤ «እስከ ዛሬ እንዴት ዝም ትያለሽ?» ብዬ ልገሥጻት ከጀልሁ። ቃሉ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም እኔም የሸሸግሁት ነገር ነበረኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድሁ ወዲህ ሳስል፤ ሳስነጥስ ወይም ደረጃ ስወጣ ሽንት ያመልጠኝ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ጉንፋን ይዞኝ ሳስል ልብሴ ረጠበ፤ ያን ቀን ትምህርቱን ሳልጨርስ ነጠላዬን በወገቤ አሸርጬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ቀሚስ እለብስ፤ ውሃም መጠጣት እፈራ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርሁም። በዚያ ሌሊት ለእኅቴ ነገርኋት። እርሷም በጨለማ ውስጥ እጄን ፈልጋ ያዘችኝና «አንቺም?» አለች። ሁለታችንም አለቀስን፤ ቀጥሎም፤ ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ሳቅን።

በማግስቱ ለባሏ መንገር ነበረብን፤ እርሷ ግን ፈራች። እኔ ወደ እርሱ ቀርቤ «አያ፤ እታለም ከታመመች ብዙ ዘመንዋ ነው፤ ወደ ጎንደር ልወስዳት እፈልጋለሁ» ብዬ የበሽታውን ነገር በአጭሩ ገለጽሁለት። ሰውዬው ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም «መኝታዋን ከልጆቹ ጋር ካደረገች ጊዜ ጀምሮ የጠላችኝ መስሎኝ ኖርሁ» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሁለት በግ ሸጦ የመንገዱን ገንዘብ ሰጠን። የተሸሸገ በሽታ የሚያሳምመው የታመመችውን ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኅቴ መኪናው በተናጠ ቁጥር ከንፈርዋን ትነክስ ነበር። በሆስፒታል ሐኪሙ ሁለታችንንም ከመረመረ በኋላ፤ አካልን በእንቅስቃሴ ወደምታክም ባለሙያ፤ ፊዚዮቴራፒስት ወደምትባለው ሴት መራን። እርሷም የገጠር ልጅ ኖራ ነገሩን በምናውቀው ዕቃ መስላ አስረዳችን።

«ጠፍር አልጋ ታውቃላችሁ አይደለም?» አለችን። «ቋሚና አግዳሚው እንጨት ነው፤ መካከሉ ግን በጠፍር የተወጠረ ነው። የሴትም ዳሌ እንዲሁ ነው። አጥንቱ እንደ አልጋው እንጨት ነው፤ በፊት ካለው የዳሌ አጥንት ጀምሮ በኋላ እስከ ጀርባ አጥንት ጫፍ ድረስ ደግሞ ጡንቻ እንደ ጠፍር ተወጥሯል። በዚህ ጠፍር ላይ በፊት የሽንት ፊኛ፤ በመካከል ማኅፀን፤ በኋላ የትልቁ አንጀት ጫፍ ተቀምጠዋል። ጠፍሩ ውጥር ሲሆን ሁሉንም ይደግፋል፤ የሽንቱንም መውጫ አጥብቆ ይዘጋል። ብዙ ሸክም ከተጣለበት፤ በምጥም ከተለጠጠ ወይም ከተቀደደ ግን ይረግባል። ማኅፀንን ከላይ የሚይዙት ጅማቶችም አብረው ይላላሉ። በዚያን ጊዜ በላዩ የተቀመጠው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳል ሲመጣም ሽንት ያመልጣል።»

ይህን በሰማሁ ጊዜ በልጅነቴ አባቴ የረገበውን አልጋ ጠፍሩን በውሃ አርሶ እንደ ገና ሲወጥር ትዝ አለኝ። አባቴ አልጋው ስለ ረገበ «ዕጣው ነው» ብሎ አልጣለውም ነበር።

ለመርገቡም ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የምጥ መርዘም፤ ብዙ ጊዜ መውለድ፤ ከወሊድ በኋላ ሳያገግሙ ከባድ ሥራ መጀመር፤ ዘወትር የሚያስል ሳል፤ ሆድ ድርቀትና በእርሱ ምክንያት አብዝቶ ማማጥ፤ እንዲሁም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣው የሰውነት መሳሳት ሁሉ በየበኩላቸው ይጨምሩበታል። በአገራችን ስለዚሁ ነገር የተደረገ ጥናት መኖሩንም በኋላ አንብቤ ተረዳሁ። ከደባርቅ በስተ ደቡብ ባለችው በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ የሕዝቡን ጤና የሚከታተልበት የጥናት ጣቢያ አለው። በዚያው ወረዳ በ395 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2013 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፤ በሐኪም ከተመረመሩት ሴቶች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት የአካል መውረድ ታይቶባቸዋል፤ ሕመሙ እንደሚሰማቸው የተናገሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ከነገሩም ጋር ተያይዘው የተገኙት በቀን 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከም፤ የምጥ መርዘምና የደጋ ነዋሪ መሆን ናቸው። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአማራ ክልል ከዚህ በሽታ ጋር የሚኖሩ ሴቶችን አነጋግሮ፤ እነርሱም ምክንያቱ ወሊድ፤ የምግብ ማነስና ከባድ ሥራ መሆኑን እንደሚያምኑ ጽፏል። እንግዲህ እኅቴ በጨለማ የነገረችኝን ነገር ሌሎችም ሴቶች ነግረዋል ማለት ነው። እርሷ ግን ብቻዋን የሆነች መስሏት 11 ዓመት ኖረች።

ሐኪሞች የአካልን መውረድ በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የወረደው ገና ከውስጥ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። እኅቴ ከመጨረሻው ደረጃ ደርሳ ስለ ነበረ «ይህ በእንቅስቃሴ ብቻ አይመለስም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» ተባለች። የእኔ ግን ገና ጅምር ነበርና ጡንቻውን እንዳለማምድ ታዘዝሁ። አንድ እናት የወለደችን፤ አንድ ሕመም የያዘን ሁለት እኅትማማቾች፤ አንዷ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል፤ አንዷ ወደ ቤቷ ስንሄድ፤ የለየን የመድኃኒቱ ዐይነት ሳይሆን ዝም ያልንበት ዘመን ብዛት መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የታዘዘልኝ ልምምድ አዲስ ነገር አይደለም። አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የሴቶች ሐኪም በ1948 ስለዚህ ጽሑፍ አሳትሞ ነበርና እስከ ዛሬ በብዙ አገር ልምምዱ በስሙ ይጠራል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ መሣሪያም አያሻውም። አሠራሩም እንዲህ ነው።

መጀመሪያ በጀርባሽ ተጋድመሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ ዕረፊ። ከዚያም ሽንትንና ነፋስን በአንድ ጊዜ እንደምትከለክዪ አድርገሽ የታችኛውን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢ። ሆድሽን፤ ጭንሽንና መቀመጫሽን አታጥብቂ፤ ትንፋሽሽንም አትያዢ። እስከ 10 እየቆጠርሽ ያዢ፤ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ወይም 4 ብቻ ብትቆጥሪ አይክፋሽ። ከዚያ ፈጽመሽ ልቀቂና በያዝሽበት መጠን ዕረፊ። ይህን ቢያንስ 8 ጊዜ ደጋግሚ፤ በቀንም 3 ጊዜ አድርጊው፤ ቢያንስ ለ3 ወርም አታቋርጪ። ጡንቻው ከበረታ በኋላ ተቀምጠሽም፤ ቆመሽም፤ ወጥ እያማሰልሽም ማድረግ ትችያለሽ። ደግሞም ከማሳልሽ፤ ከማስነጠስሽ ወይም ዕቃ ከማንሣትሽ በፊት ጡንቻውን ቀድመሽ ሳቢው፤ ይህ ትንሽ ብልሃት ብዙ ይረዳል። ነገር ግን ሽንት በመሽናት ላይ ሳለሽ እያቋረጥሽ አትለማመጂ፤ ፊኛው በሚገባ እንዳይጎድል ያደርጋልና።

ብዙ ሴቶች ወደ ላይ መሳብ ሲገባቸው ሳያውቁ ወደ ታች ይገፋሉ፤ ይህም ነገሩን ያብሳል። እኔም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አድርጌ ነበር፤ ባለሙያዋ አረመችኝ። ስለዚህ የሚቻላት ሴት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ባለሙያ ሄዳ መመርመር ይገባታል። ይልቁንም በዳሌዋ ሕመም የሚሰማት ሴት ጡንቻዋ ከልክ በላይ የተኮማተረ ሊሆን ይችላልና፤ ለእርሷ መፍታትን እንጂ ማጥበቅን መለማመድ ላይጠቅማት ይችላል።

የልምምዱን ጥቅም ለመመርመር በብሪታንያ፤ በኒው ዚላንድና በአውስትራሊያ 447 ሴቶች የገቡበት ጥናት ተደርጎ በ2014 ታትሟል። አካላቸው መውረድ ከጀመረባቸው ከእነዚህ ሴቶች መካከል ከባለሙያ ጋር ለየብቻ ልምምዱን የተማሩት ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመማቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። የእኔንም ልናገር። በመጀመሪያው ወር ምንም ለውጥ ስላላየሁ ተስፋ ቆርጬ አንድ ሳምንት ተውሁት። ባለቤቴ፤ በመጨረሻ ነግሬው ስለ ነበረ፤ ማታ ማታ «ቆጠርሽ?» እያለ ያስታውሰኝ ጀመር። በአራተኛው ወር በክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ስጠርግ የጠመኔው ብናኝ አስነጠሰኝ፤ ልብሴም ደረቅ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ለምን ፈገግ እንዳልሁ አላወቁም።

ነገር ግን እንቅስቃሴ የሁሉ መድኃኒት ነው ብዬ አንባቢን ላሳስት አልወድም። ቀዶ ሕክምና ለማይቻላት ወይም ለማትፈልግ ሴት ሐኪም በውስጥ የሚያኖረው እንደ ቀለበት ያለ ለስላሳ ድጋፍ አለ። ከሁሉም የሚለየው ደግሞ ፌስቱላ ነው። ይህ የጡንቻ መላላት አይደለም፤ ምጥ ሲታገድ የሕፃኑ ራስ ለብዙ ሰዓት ተጭኖ ገላውን ስለሚጎዳ፤ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ የሚከፈትበት ነው። እንዲህ ያለባት ሴት ሽንቷ ሲያስላት ብቻ ሳይሆን ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ይህን ልምምድ አይዘጋውም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ለዚህ በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፌስቱላ ሆስፒታል አለ፤ በባሕር ዳርም ቅርንጫፉ ይገኛል። በዚያም ከቀዶ ሕክምናው ጋር ፊዚዮቴራፒ ይሰጣል፤ ገላው ከተሰፋ በኋላ ጡንቻው መበርታት ይኖርበታልና።

አሁን ወደ እኅቴ ልመለስ። ቀዶ ሕክምናው በደኅና ተፈጸመ። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሟ «ሦስት ወር ከባድ ነገር እንዳታነሺ፤ ከዚያም በኋላ እንደ ቀድሞው ብትሸከሚ ሊመለስብሽ ይችላል» አላት። እርሷም በጨዋነት «እሺ» አለች። በመኪና ስንመለስ ግን ወደ እኔ ዘወር ብላ «ውሃውን ማን ይቀዳል?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ የመለሰልኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። ለሴት «ዕረፊ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ዕረፍቱን የሚሰጣት ሰው ከሌለ ግን ምክሩ ሌላ ሸክም ይሆንባታል።

እቤት በደረስን ጊዜ በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ተነጋገርን። እናታችን በዚያ ነበረች። «እኛም ወልደናል፤ ተሸክመናል፤ ሦስት ወር የተኛች ሴት በዚህ አገር መቼ ታየች?» አለች። የእኅቴ ባል አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ያ ሦስተኛው ልጅ፤ በምጡ እናቱን ያስጨነቀው፤ ከጥግ ተነሥቶ «እኔ እቀዳለሁ» አለ። አባቱም ቀና ብሎ አየውና «በአህያው እንጭናለን፤ እኔም አግዝሃለሁ» አለ።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በምንጩ ያሉ ልጆች ሳቁበት፤ «ሴታ ሴት» እያሉም ሰደቡት። ልጁ እያለቀሰ መጣ። በማግስቱ ጠዋት አባቱ ራሱ አህያውን እየነዳ አብሮት ወረደ፤ ጎረቤት ሁሉ እያየው ሁለት ጀሪካን ሞልቶ፤ ጭኖ ወጣ። ለማንም ምንም አልተናገረም። ያንን ሰው በግራ እጁ የአህያውን ገመድ፤ በቀኝ እጁ የልጁን ትከሻ ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ያየ ሁሉ ከዚያ ወዲህ አልሳቀም። እኅቴም ሦስቱን ወር በሙሉ ዐረፈች፤ ሐኪሙም በፈቀደላት ጊዜ እኔ የተማርሁትን ልምምድ ከእኔ ተማረች።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ሌሊት እናቴ ከተኛሁበት መጥታ በእግሬ ሥር ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ልጄ፤ ያ በውስጥ ይኖራል ያልሽው ቀለበት፤ ሰባ ዓመት ለሞላት ሴትም ይሆናል?» አለችኝ።

«ይሆናል፤ እማማ» አልኋት። ከዚያ ሌላ መናገር አልቻልሁም። ስንት ዓመት እንደ ሸሸገችው አልጠየቅኋትም፤ እርሷም አልነገረችኝም። በዳሩ ግን ያን ቀን ማታ በእሳቱ ዳር «እኛም ተሸክመናል» ያለችው ነገር ኩራት ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። እርሷንም ወደ ጎንደር ወሰድኋት፤ ዛሬ በርጩማ ላይ ተደላድላ ተቀምጣ ትፈትላለች።

እኅቶቼ ሆይ፤ ከዚህ ሕመም አንዱ ቢሰማችሁ፤ ማለት ሽንት ቢያመልጣችሁ፤ ከታች የሚከብድ ወይም የሚወርድ ነገር ቢሰማችሁ፤ ገና በጠዋቱ ለምታምኗት ሴትና ለጤና ባለሙያ ንገሩ። የረገበ ጠፍር ሳይበጠስ ቢወጠር ይሻላል። ወንድሞቼና ባለ ትዳሮች ሆይ፤ ሚስታችሁ ብትሸሻችሁ ወይም ተለይታ ብትተኛ ጠላችኝ ከማለት በፊት ታማ እንደ ሆነ ጠይቋት። በአራስነቷም ወራት እንስራውንና ጀሪካኑን ከጀርባዋ አውርዱላት፤ ገንፎና ቅቤ ማብላቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንፎ የበላች አራስ በማግስቱ 20 ኪሎ ተሸክማ ዳገት ከወጣች የገንፎው ጥቅም ምን ላይ ነው?

ባለፈው ወር ወደ አምባራስ ወጥቼ ነበር። እኅቴ ከደጅ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ያ ልጅ አህያውን ነድቶ ከምንጭ እየተመለሰ ነበር፤ ከኋላውም ሌሎች ሁለት ወንዶች ልጆች የእናቶቻቸውን ጀሪካን በአህያ ጭነው ይከተሉት ነበር። እኔ ቆጥሬአለሁ፤ ሦስት ናቸው። ለአንድ ሰፈር ጥቂት ነው፤ ከምንም ግን ይሻላል።